አርባ አንድ ትንፋሽ

ባለፈው ዓመት ከልጄና ከልጆቿ ጋር ባሕር ዳር ሄጄ ነበር። ልጆቹ በአረፍንበት ሆቴል መዋኛ ገንዳ ውስጥ ማን ረጅም ጊዜ ውሃ ሥር ይቆያል እያሉ ይፎካከራሉ። ትልቁ ከመጥለቁ በፊት ሩቅ ሮጦ እንደመጣ ሰው ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ አየሁት። ጠለቀና መቁጠር ጀመርኩ፤ ሃያ ደረሰ፣ ሠላሳ አለፈ። ከወንበሬ ተነሥቼ ከነነጠላዬ፣ ከነጫማዬ ደረጃውን ወርጄ ገባሁና ክንዱን ይዤ አወጣሁት። ዙሪያውን የተቀመጠው ሰው ሳቀ። ልጄ አፈረችብኝ። «እማዬ፣ ምን ሆነሻል? ሲጫወት እኮ ነው» አለችኝ። ልብሴን ልቀይር ወደ ክፍሌ ሄድኩ።

ለምን እንደዚያ እንዳደረግሁ ለቤተሰቤ ተናግሬ አላውቅም። አሁን የምጽፈው ለእነሱም፣ ለእናንተም ነው።

ያን ጊዜ ንጉሡ ገና በዙፋናቸው ላይ ነበሩ። እኔ ደብረ ማርቆስ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከሁለት ልጆች ጋር በተከራየነው ክፍል እየኖርኩ እማራለሁ፤ ዓርብ ከትምህርት በኋላ በእግሬ ወደ ቤት እሄዳለሁ። ቤታችን በደብረ ማርቆስና በሮብ ገበያ መካከል ከመንገድ ወረድ ብሎ፣ ከወንዝ ዳር ነበር። አባቴ ቀደም ብሎ ሞቷል። እናቴ ከእኔ ሌላ የነበራት ታላቅ ወንድሜ ልሳነወርቅ ብቻ ነው።

ልሳነወርቅ ዲማ ሄዶ አራት ዓመት ዜማ ተምሮ፣ ዲቁና ተቀብሎ፣ የሰፈራችንን ደብር ያገለግል ነበር። የታወቀው በትንፋሹ ነው። ሌላው ሦስት ጊዜ አርፎ የሚጨርሰውን ዜማ እሱ ሳያርፍ ያወርደዋል። ሰው ዜማውን መስማት ትቶ መቼ ይሆን የሚተነፍሰው እያለ ይጠብቀው ነበር። እናቴ ሰው ፊት ብዙ የምትናገር ሴት አልነበረችም፤ «የኔ ልጅ ሳንባ የሁለት ሰው ነው» የምትለውን ግን ሁሉም ሰምቷል።

በዚያ ዓመት በጥምቀት ዕለት የደብሩን የብር መስቀል በረጅም ዘንግ ላይ ሰክቶ የያዘው እሱ ነበር። ጥምቀተ ባሕሩ ወንዙ ከአለት ላይ ወርዶ የሚጠራቀምበት ጥልቅ ኩሬ ነው። በገመድ ድንጋይ አስረው ሲለኩት የአራት ሰው ቁመት ይሆናል። ጠበሉ ሲረጭ ሕዝቡ እኔን ይድረሰኝ እያለ ተገፋፋ። ወንድሜ የቆመበት አለት እርጥብ ነበር። ሲያዳልጠው ዘንጉ ዘመመ፣ መስቀሉ ከዘንጉ ወለቀና ኩሬው ውስጥ ገባ። እኔ ሦስት ክንድ ያህል ርቄ ነበርኩ፤ ሲወድቅ አይቻለሁ። ሌላው ሰው ሁሉ ፊቱን ለጠበሉ አንሥቶ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

ወሬው ወደ ማታ ሌላ መልክ ያዘ። ዲያቆኑ መስቀሉን አስቀድሞ ነቅሎ ለነጋዴ ሰጥቷል፣ ዘንጉን ብቻ ይዞ መጥቶ ወደቀ አለ፣ ብሩ ይኸኔ ደጀንን አልፎ አዲስ አበባ ገብቷል ተባለ። በማግሥቱ ካህናቱና ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። እኔ ያየሁትን ተናገርኩ። የደብሩ አለቃ ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ እህት ለወንድሟ ምስክር አትሆንም አሉ። ከዚያም ፈረዱ። እስከ የካቲት ኪዳነ ምሕረት መስቀሉ ካልተገኘ ዲቁናው ይፈርሳል፣ ቤታችንም ይወገዛል። በእኛ አገር ቤት ሲወገዝ የሚያናግራችሁ የለም። ስትሞቱም የሚፈታችሁ ካህን አይመጣም።

ውግዘቱ ቀኑ ሳይደርስ ጀመረ። እሳት ሊጭር ወደ ቤታችን የሚመጣ ጎረቤት ቀረ። እናቴ ገበያ ውስጥ ሰላምታ ስትሰጥ ሴቶቹ ጎንበስ ብለው እህላቸውን ማበጠር ይጀምራሉ። አንዷ «የወርቅ ምላስ ብር ዋጠ» ስትልና ጓደኞቿ ሲስቁ ሰማሁ። እናቴም ሰምታለች። ጨው ሳትገዛ ተመለሰች።

ሰዎች በረጅም እንጨት ኩሬውን ነካኩት። ሁለት ጎረምሶች ዘለው ገቡና ከወገባቸው በታች ውሃው በረዶ ነው እያሉ ወጡ። ደጋ ነን፤ ዋና የሚያውቅ ሰው አልነበረንም።

የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ አብዱ የሚባል የሮብ ገበያ ባለሱቅ ልጅ። በልጅነቱ ከአባቱ ኮብልሎ ምጽዋ ገብቶ፣ ዳህላክ ደሴቶች አጠገብ ከባሕር ሥር ሉል ከሚያወጡ ጠላቂዎች ጋር ስድስት ዓመት ሠርቶ ተመልሷል። ጥልቁ ባሕር አንድ ጆሮውን ወስዶበታል። ከወንድሜ ጋር ከልጅነታቸው ጀምሮ ይዋደዱ ነበር። የደረሰብንን ሲሰማ ራሱ ወደ አለቃ መጣ።

«አለቃ፣ ይፍቀዱልኝና ወርጄ ላውጣው። አንድ ጠዋት አይፈጅም» አለ።

«ታቦት ባደረበት ውሃ እስላም አይገባም» አሉት።

«ጥሩ። ልሳነወርቅን ባስተምረውስ? ትንፋሽ ማስተማር ክልክል ነው?»

አለቃ ሳቁ። «ለዲማ ተማሪ ትንፋሽ ልታስተምር? በል እንግዲህ አስተምረው።»

ትምህርቱ ከጥምቀተ ባሕሩ በታች ባለ ሌላ ኩሬ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔም አብሬ እሄድ ነበር፤ ሥራዬ መቁጠር ነው። አብዱ ሰዓት ስላልነበረው ሳልቸኩል፣ ሳልዘገይ እንድቆጥር አለማመደኝ። ወንድሜ መጀመሪያ ቀን ልብሱን አውልቆ ወደ ውሃው ሲሄድ አብዱ ክንዱን ይዞ መለሰው፤ ፀሐይ ያሞቀው አለት ላይ በጀርባው አስተኛውና እጁን ሆዱ ላይ አስቀመጠለት። እንደተኛ ሰው ተንፍስ አለው። ደረትህ ሳይሆን ሆድህ ይነሣ። ስታወጣ ከምታስገባው ይርዘም። ልብህ እስኪረጋ እንዲሁ ቆይ። ከዚያ ሦስት ዝግ ያለ ትንፋሽ፣ በሦስተኛው ሳትጨናነቅ ሞልተህ ግባ። ከሦስት በላይ የለም አለው። ስትወጣም የቆየህበትን እጥፍ ዕረፍ፣ ጦምህን አትግባ፣ ብቻህን ፈጽሞ አትግባ አለው። አንዱ ሲጠልቅ ሌላው ውሃው ውስጥ ሆኖ ይጠብቃል። ያ ሰው ከወጣ በኋላም ከንፈሩ እስኪቀላ ድረስ ዓይኑን ከእሱ ላይ አያነሣም።

ወንድሜ ሦስት ትንፋሽ አነሰው። «እኔ ዜማ ልጀምር ስል እንኳ ከዚህ ይበልጥ እተነፍሳለሁ» አለ።

አብዱ አጠገቡ ተቀመጠ። የተናገረውን እኔ ደብተሬ ላይ አልጻፍኩትም፤ ግን ቃል በቃል ይዤዋለሁ።

«ስማ፣ ልሳኑ። ውሃ ውስጥ ስትቆይ ሆድህ እየዘለለ ውጣ ውጣ የሚልህ ጊዜ ይመጣል። እሱ ውሻህ ነው። ሌባ ሲመጣ ይጮኽልሃል። ከመግባትህ በፊት ቶሎ ቶሎ፣ ብዙ ብዙ ከተነፈስክ ውሻውን ታስተኛዋለህ። ትንፋሽ የጨመርክ ይመስልሃል፤ አልጨመርክም። ሌባው ይገባል፣ ውሻው አይጮኽም። ሰውየው መሞቱን ሳያውቅ ይሞታል። ከእኔ ጋር አንድ ጀልባ ላይ የነበረ ልጅ እንደዚያ ሄዷል።»

ወንድሜ ራሱን ነቀነቀ። ገብቶታል ብዬ አምናለሁ። ገብቶት ነበር።

በሦስት ሳምንት ውስጥ ዓይኑን ገልጦ ታች መድረስ ቻለ። ግን በስድሳ ቆጠራ ይወጣል። የጥምቀተ ባሕሩ ወለል ደግሞ ጭቃና የተሰነጣጠቀ አለት ነው፤ እየዳበሱ መፈለግ ጊዜ ይፈጃል። አብዱ ይኸንን ሲሰማ ቀስ በቀስ ይመጣል፣ ሁለት ወር ስጠኝ ይላል። ሁለት ወር አልነበረንም።

አንድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ወንድሜ ቤት ውስጥ መደብ ላይ ተኝቶ ትንፋሹን ሲለማመድ እኔ እቆጥርለት ነበር። ስድሳ ሁለት ላይ ለቀቀው። ተናደደ። እኔ የጠዋቱን ቅዳሴ አስታወስኩና ልቀልድበት ፈለግሁ። ‘እግዚኦ’ አርባ አንድ ጊዜ እንደሚባል ታውቃላችሁ።

«ለክርስቶስ አርባ አንድ፣ ለውሃ ሦስት? ስስታም ነህ» አልኩት።

ከተኛበት ቀና አለ። አየኝ። ከዚያ ‘እግዚኦ’ እያለ በአንዱ ‘እግዚኦ’ አንድ ጊዜ በረጅሙ መተንፈስ ጀመረ። እኔ በአውራ ጣቴ የጣቶቼን አንጓዎች እየነካሁ ቆጠርኩለት። አርባ አንድ ሲሞላ ትንፋሹን ያዘ። መቶ አለፈ። መቶ ሃያ። መቶ ሠላሳ ላይ እየሳቀ ለቀቀው። ሆዴ አልዘለለም አለኝ። ጣቶቹ ይነዝሩት ነበር፣ ራሱም ቀሎታል። «ጸጋ ነው» አለ። እኔም አመንኩት። ለአብዱ እንዳንነግረው ተስማማን። እንደሚቆጣ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ አብዱ የነገረን የውሻው ነገር አንዴም ትዝ አላለኝም ብል እዋሻለሁ። ትዝ ብሎኝ ነበር። ግን አብዱ የሚያውቀው የባሕሩን ነው፣ ይኸ የጸሎት ነው አልኩ በልቤ።

የኪዳነ ምሕረት ዋዜማ ደረሰ። ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቄ መጣሁ። አገሩ ሁሉ ኩሬው ዳር ወርዶ ነበር። ግማሹ መስቀሉ ሲወጣ ሊያይ፣ ግማሹ አለመውጣቱን ሊያይ። ልሳነወርቅ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰም፤ ጾሜ ብገባ ይሻላል አለ። እናቴ ከሴቶቹ ራቅ ብላ ብቻዋን ቆማለች።

አብዱ ገመድ ይዞ መጣ። አንዴ አለቃን፣ አንዴ ሽማግሌዎቹን እየዞረ ለመናቸው። መስቀሉን አልነካም፣ እስከ ደረቴ ብቻ ገብቼ ልቁም፣ ጠላቂ ያለ ጠባቂ አይገባም አላቸው። አለቃ ከኩሬው ራቅ ብሎ ካለው የሾላ ዛፍ ወዲህ እንዳትመጣ አሉት። ሁለት ጎረምሶች አጠገቡ አቆሙበት። እሱም ወንድሜን ወደ ሾላው ጠርቶ የገመዱን ጫፍ ወገቡ ላይ ራሱ አሰረ፣ ሌላውን ጫፍ ለሁለት ጎረቤቶቻችን ሰጠና እኔን ጠራኝ።

«ጥሩዬ፣ ቆጣሪዋ አንች ነሽ። ዘጠና ስትይ ይሳቡት። ቢፈልግም ባይፈልግም። ሰማሽኝ?»

ሰምቻለሁ አልኩ።

የመጀመሪያውን እንደተማረው ገባ፤ አለቱ ላይ ተኛ፣ ረጋ፣ ሦስት ጊዜ ተነፈሰ፣ ጠለቀ። ስድሳ አምስት ላይ ራሱ ወጣ። እየተንቀጠቀጠ አለቱን ያዘና በጣቴ ነካሁት፣ ብረት ነው፣ ስንጥቅ ውስጥ ነው አለ። አብዱ ከሾላው ሥር ዛሬ ይበቃዋል፣ በርዶታል፣ ነገ ይግባ አለ። ነገ ኪዳነ ምሕረት ነው። ከሕዝቡ መካከል አንዱ «ነካሁት ማለትማ እኔም ሰማይን በጣቴ ነክቻለሁ» አለ። ሳቁ። ሌላው «ምናልባት ነጋዴው እስኪመልስለት እየጠበቀ ይሆናል» አለ።

ልሳነወርቅ ጀርባውን ለሾላው ሰጥቶ ነጠላውን ተከናንቦ ተቀመጠ። ሰው የሚጸልይ መሰለው፤ ይጸልይም ነበር። ከነጠላው ውስጥ የሚያየኝ እኔን ነው። አውራ ጣቴን አንጓዬ ላይ አደረግሁ። አርባ አንዱን ቆጠርኩለት። ከመነሣቱ በፊት በዝግታ «ዘጠና ላይ እንዳታስጎትችኝ። መቶ ሠላሳ ደርሻለሁ አይደለም?» አለኝ። አዎ አልኩት።

ገባ።

እስከ ሰባ ገመዱ ወዲያና ወዲህ ይሄድ ነበር፤ እየፈለገ ነው። ሰማንያ ላይ ዝግ አለ። ሰማንያ አምስት ላይ ቆመ። ስንጥቁ ውስጥ እጁን አስገብቶ እየሠራ ነው ብዬ አሰብኩ። ዘጠና ስደርስ ገመዱን የያዙት ሁለቱ ሰዎች አዩኝ። አብዱም ለራሱ ይቆጥር ነበር፤ ከሾላው ሥር «ዘጠና ነው፣ ሳቡት» ሲል ሰማሁ።

«ገና ነው» አልኩ።

ሰዎቹ የእኔን ሰሙ። አብዱ ደግሞ ጮኸ፤ ጎረምሶቹ ያዙት። መቶ ሲያልፍ የሕዝቡ ድምፅ ተለወጠ። ያሾፍ የነበረው ሰው «ይኸ ሳንባ ነው ወናፍ?» አለ፤ አሁን በአድናቆት ነው። መቶ አሥር ላይ ሰዎች ከእኔ ጋር አብረው መቁጠር ጀመሩ። መቶ ሃያ። ሴቶች እልል አሉ። ወንድሜን ከአምስት ሳምንት በኋላ ሰው ሲያመሰግነው የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ውሃው ፍጹም ጸጥ ብሎ ነበር። መቶ ሠላሳ አልኩ። ገመዱ አልተንቀሳቀሰም። መቶ አርባ ላይ ሳቡት አልኩ።

ሲወጣ ቀኝ እጁ ጭቃ ጨብጦ ነበር። ከንፈሩ እንደ ቀለም ጠቁሯል። ፊቱ ላይ ጭንቀት አልነበረበትም፤ የተኛ ሰው ፊት ነበር። አብዱ ጎረምሶቹን ጥሎ መጣ። የአፉን ጭቃ በጣቱ አወጣ፣ አፍንጫውን ይዞ አፉን በአፉ ላይ አድርጎ እፍ አለበት። በሦስተኛው የወንድሜ ደረት ከፍ አለ። አይቻለሁ። አራተኛውን ሳይደግም ያዙት። «የዲያቆን አፍ ላይ እስላም» ያለው ማን እንደሆነ አላወቅሁም። በእግሩ ጎትተው አነሡት። ወንድሜን ውሃው ይውጣለት ብለው ቁልቁል አንጠለጠሉት። ቆይተው አስተኙትና ጠበል አፈሰሱበት።

እናቴ ደርሳ ነበር። አላለቀሰችም። «አልጋው ላይ አስተኙት፣ በርዶታል» አለች። እንዲያ እያለች ደጋግማ ነጠላዋን ታለብሰው ነበር።

ቀነ ገደቡ አንድ ቀን ስለቀረው ፍትሐት አልተከለከለም። ከቀብሩ በኋላ አብዱ ታሰረ። የባሕር ድግምት አስተምሮ ገደለው ተባለ። አንድ መርማሪ ጠራኝና ትንፋሽ ያስተማረው ማን ነው አለኝ። አብዱ ነው አልኩ። ገመዱ መሳብ በነበረበት ጊዜ አብዱ የት ነበር አለኝ። ሩቅ ነበር አልኩ። ሁለቱም እውነት ነው። ሌላ አልተጠየቅሁም፣ ሌላም አልተናገርኩም። አብዱ ሦስት ወር ታስሮ ተፈታ። ሱቃቸው ገዥ አጣ፤ ቤተሰቡ ዕቃውን በበቅሎ ጭኖ ወደ ደጀን ሄደ።

በግንቦት ወንዙ ሲጎድል ልብስ ልታጥብ የወረደች ሴት መስቀሉን አለት ስንጥቅ ውስጥ አገኘችው። አለቃ ራሳቸው እቤታችን ይዘውት መጡ፤ እናቴ እንድትሳለመው።

«ልጄ የነካው በየት በኩል ነው?» አለቻቸው።

አለቃ አላወቁም።

«እንግዲያውስ ይቅርብኝ» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ ወዲያ ከእሳቸው ጋር ተነጋግራ አታውቅም።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ገባሁ። አግብቼ ወለድኩ። ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ አውቶቡሱ ለምሳ ደጀን ቆመ። የገባሁበት የሾፌሮች ሻይ ቤት ባለቤት ሲያናግሩት አንድ ጆሮውን ያዞር ነበር። አወቅሁት፤ አወቀኝም። በልጅነቴ አንተ ነበር የምለው፤ ያን ቀን አንቱ አልኩት።

«አርባ አንድ አድርገው ብዬ ያስጀመርኩት እኔ ነኝ። እርስዎ ሳያዩ የቆጠርኩለትም እኔ ነኝ። ዘጠና ላይ ገና ነው ያልኩትም እኔ ነኝ» አልኩት። ከዚህ ያነሰ አልተናገርኩም፣ ከዚህ የበለጠም አልቻልኩም።

ብርጭቆ እያጠበ ነበር። አስቀመጠው።

«ዘጠናውን በዓይኔ አይቻለሁ» አለ። «አርባ አንዱን አላውቅም ነበር።» እጁን በጨርቅ አደረቀ። «ይኸን ሁሉ ዘመን ከትምህርቱ የቱን እንደዘለልኩ ስፈልግ ነው የኖርኩ። ቃል በቃል እደግመዋለሁ። ሦስት ማለቴን እንኳ እጠራጠራለሁ።»

«ብለውታል።»

«ብዬዋለሁ?»

«የውሻውንም ነግረውታል።»

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወዲህ ውሃ ውስጥ አልገባሁም፣ ለገዛ ልጆቼም ዋና አላስተማርኩም አለኝ። ይቅርታ ልጠይቀው አስቤ ነበር፤ ሳልጠይቀው ቀረሁ። እሱም ይቅርታ በይኝ አላለኝም። «ሻይሽ ቀዘቀዘ፤ መኪናውም ሊሄድ ነው» አለኝ።

እንግዲህ እሱ ማስተማር ስለተወ እኔ ላድርስለት። ልጆቻችሁ አሁን ውሃ ያገኛሉ፤ ገንዳ አለ፣ ሐይቅ አለ። ሊጠልቅ ሲል ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ልጅ ካያችሁ አስቁሙት፣ ሰው ቢስቅባችሁም። እንደተኛ ሰው ይተንፍስ፤ ከሦስት በላይ አይሙላ፤ ብቻውን አይግባ። ውሃው ጸጥ ማለቱን ብርታት ነው ብላችሁ አታጨብጭቡለት። ዳር ቆማችሁ የምትቆጥሩት ደግሞ፣ የተባላችሁት ቁጥር ላይ ስትደርሱ ገና ነው አትበሉ።